ባለቤትና ተሳቢ

ሥራ አስኪያጁ በስልክ «ችግር የለም» ሲለኝ ነው ችግር እንዳለ የገባኝ።

ሰው «እስቲ ልየው» ካለህ ያየዋል። «ይቅርታ፣ የለንም» ካለህም ቁርጥህን ታውቃለህ። «ችግር የለም» የሚልህ ሰው ግን ያልከውን ገና አልሰማም። እኔ «ዓይነ ስውር ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ነው የምንመጣው፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ...» ከማለቴ፣ ሰውዬው «ችግር የለም ጋሼ! የኛ ሆቴል ለሁሉም ተደራሽ ነው!» ብሎ አረፈው።

«ልጨርስ?» አልኩት።

«ይጨርሱ ጋሼ፣ ችግር የለም!»

«ስለ እኔ መጠየቅ የምትፈልጉትን እኔን ጠይቁኝ። ምን እንደምበላ፣ ምን እንደምጠጣ፣ የት እንደምቀመጥ፣ ሁሉንም። ባለቤቴን አትጠይቋት። እሷ የምትመጣው ልታርፍ ነው።»

«ችግር የለም!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙን አቶ ችግር-የለም አልኩት። እናቱ ያወጣችለትን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም፣ የጎደለብኝም ነገር የለም።

ይህን ሁሉ የምለማመጠው ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ተቀብላ፣ ጀርባዋ ሲደክም ጡረታ ወጣች። እሰይ፣ አሁን አገር ላገር እንዞራለን አልን። ዞርን። በሄድንበት ሁሉ ግን እኔ ስዝናና እሷ ሥራ ገባች። አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ይጠይቃታል፦ «እሳቸው የት ይወርዳሉ?» እንግዳ መቀበያው ላይ ይጠይቋታል፦ «መፈረም ይችላሉ?» አንዱማ ፊቴ ቆሞ «ሌሊት ይነሳሉ?» ብሎ ጠየቃት፣ እንደ አራስ ልጅ። እኔ አፍ አለኝ። አፌን ደግሞ የሚያውቁት ያውቁታል። ግን ማን ይጠይቀኝ!

ካለፈው ጉዟችን የተመለስን ዕለት፣ ሻንጣውን እያራገፈች እንዲህ አለችኝ፦

«ስማኝ። ካንተ ጋር መጓዝ ሥራ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነበር የመሰለኝ። ለከርሞ ከእህቴ ጋር ነው የምሄደው። አንተ ወንድምህ ጋ ትሰነብታለህ።»

ሳትቆጣ ነው ያለችው። ብትቆጣ ደግ ነበር፣ የቁጣዋን መድኃኒት አውቀዋለሁ። እንዲህ ዝግ ብላ ስትናገር ግን ነገሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ወንድሜን ደግሞ እወደዋለሁ፣ ካንድ ቀን በላይ አይሁን እንጂ። ለመንኳት። በስንት ጭቅጭቅ፣ «እሺ፣ አንዴ። ስላንተ አንድ ሰው እኔን ከጠየቀኝ ግን በማግስቱ ቤታችን ነን፣ ከዚያ በኋላ ከእህቴ ጋር» አለችኝ። እንግዲህ ከሚስቴ ጋር አብሬ ለመጓዝ ያቀረብኩት ዋስ አቶ ችግር-የለም ነበር። ዋስ አይጥፋ!

እዚህ ላይ ትንሽ ላስተምራችሁ፣ አመሌ ነው። የሰዋስው አስተማሪ ነበርኩ። «ምን ይጠጣሉ?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ። እርስዎ ይጠጣሉ። እሳቸው ይጠጣሉ። እነሱ ይጠጣሉ። ግሱ አንድ፣ ባለቤቱ ሦስት! ዓይን ያለው ሰው አይቸገርም፣ አስተናጋጁ ማንን እያየ እንደሆነ አይቶ ያውቃል። እኔ በጆሮዬ ነው የምይዘው። ድምፁ ፊቴን ከመታኝ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ጉንጬን ታኮ ካለፈ ግን እሷ ናት። በዚህ ተሳስቼ አላውቅም። ጆሮዬን የሚያማው ቢኖር አልምረውም።

እና ሁሉም ጉንጬን ታከው ነው የሚያልፉት። ለእነሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ባለቤቴ ናት። እኔ ተሳቢ ነኝ። ተሳቢ በሰዋስው ድርጊቱ የሚያርፍበት ነው፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ከከባድ መኪና ኋላ የሚጎተተው ነው። ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ።

ሆቴሉ በር ላይ ከታክሲ እንደወረድን የጎማ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጎበዝ እያለከለከ መጣና ከጉልበቴ ኋላ ተሽከርካሪ ወንበር ደቀነ።

«ይቀመጡ ጋሼ!»

«እግሬ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ችግር የለም፣ ይቀመጡ! ለእርስዎ ተብሎ ነው የተዘጋጀው።»

«እኔ የማላየው በዓይኔ ነው» አልኩት። «በእግሬማ ድሮም አላይም ነበር።»

አልገባውም። ወንበሩን ይዞ መመለስም አልሆነለትም፣ ታዟላ! ጎበዙ እንዳይከፋው ሻንጣችንን አስቀመጥኩበት። ሻንጣችን እየተገፋ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ደፍ አለ» እየተባለለት በክብር ገባ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ስትስቅ ተሰማኝ። ገና መምጣታችን ነው፣ ትስቃለች፣ ደግ ምልክት ነው አልኩ።

አቶ ችግር-የለም ራሱ ተቀበለን። እየጮኸ ነው የሚናገረው።

«እንኳን ደህና መጡ!! እንዴት ነዎት!!»

«ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ይቅርታ ጋሼ» አለ፣ አሁን ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤት በሹክሹክታ። ከዚያ «እሳቸው መታወቂያ...» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ወደ ባለቤቴ ሄዶ፣ ሄዶ፣ መሐል መንገድ ላይ ተጠምዝዞ ወደ እኔ ዞረ። «...እርስዎ መታወቂያ ይዘዋል ወይ ለማለት ነው።» ላቡ ሲወርድ የሰማሁት መሰለኝ። ለነገሩ ሞከረ፣ አይካድም። ባለቤቴም «ይቺን እለፋት» ብላ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለችኝ።

በማለፏ ተደስቼ ሳልጨርስ ሰውዬው ስለ ሆቴሉ ያስረዳን ጀመር። የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፣ ተሰቅሏል፣ ማየት ይቻላል። «ማየት ይቻላል» ነው ያለኝ። ስሜቱ እየጋለ ሄደና ጠረጴዛውን መታ፦

«ጋሼ ሙት፣ እንደዚህ ለአካል ጉዳተኛ የተመቸ ሆቴል ሌላ ቦታ አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ከጎኑ የምትጽፈው ልጅ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«አይዞህ» አልኩት፣ «ይለመዳል።»

ድንጋጤውን ለመሸፈን እጄን ለቀም አድርጎ ወደ ክፍላችን ወሰደኝ። በየበሩ ላይ በብሬል ተጽፏል አለኝ። እኔ እንኳ ደስ አለኝ፣ ብሬል ያለበት በር በዕድሜዬ ስንቴ ገጥሞኝ ነው! ጣቴን አስነካኝ። ልሙጥ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው።

«የታል?»

«ይኸው፣ እዚሁ!»

«መስታወት ነው እኮ።»

«አዎ፣ ከመስታወቱ ሥር ነው። ብዙ የተደከመበት ነው ጋሼ፣ ሰው እየነካካ እንዳያበላሸው ብለን ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መስታወቱን ዳበስኩ፣ አመሰገንኩ፣ ምን ላድርግ?

ክፍሉ «ልዩ ክፍል» ይባላል። ልዩነቱን ባለቤቴ እየዞረች ነገረችኝ። ፊት ማያው መስታወት ዝቅ ብሎ እምብርቷ ልክ ተሰቅሏል። የመብራት ማብሪያው በጨለማ እንዲታይ አረንጓዴ ያበራል፣ እንቅልፍ የሚነሳው እሷን ነው። ለእኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አለ፣ ማሽኖቹ ሲያጓሩ አልጋው አብሮ ይርገበገባል። «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ ይሉሃል ይሄ ነው» ብላ አልጋው ላይ ተጋድማ ከት ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ልቤ ግን ምሳው ላይ ነበር፣ ፈተናው ያለው ምግብ ቤት ነው።

ምግብ ቤቱ ሞልቷል፣ ሹካ ይንቃጨላል፣ ወንበር ይጎተታል። አንዲት አስተናጋጅ መጣች። ጫማዋ አዲስ ነው፣ ሲጥ ሲጥ ይላል። ድምፅዋ ፊቴን መታው፣ በቀጥታ! «ጋሼ፣ ይኸው በብሬል የተጻፈ ሜኑ። ሥራ አስኪያጁ ለእርስዎ ብለው ነው» አለችና ወፍራም ደብተር እጄ ላይ አኖረች።

አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። ባለቤቴን በክርኔ ጎሸምኳት። ገለጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ሲባዛ በአንድ፣ ሁለት። ሁለት ሲባዛ በሁለት፣ አራት። ሌላ ገጽ ገለጥኩ፣ ሦስት ሲባዛ። ሰዎቹ ብሬል ግዙ ተባሉ፣ ብሬል ገዙ። ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያንብብላቸው?

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ ልጅቷ።

«ስድስት ሲባዛ በሰባት አምጪልኝ» አልኳት። «ብዙ ካልበሰለ ደስ ይለኛል።»

ይቺን ቀልድ መዋጥ ነበረብኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ልጅቷ ደነገጠች። አእምሮዬም የተነካ መሰላት መሰለኝ፣ ሲጥ ብላ ወደ ባለቤቴ ዞረችና ድምፅዋ ጉንጬን ታኮ አለፈ፦

«እትዬ፣ እሳቸው ምን ይበላሉ?»

ከዚያ ባለቤቴ፣ ስንት ዓመት የለመደችውን፣ ሳትተነፍስ አወረደችው፦

«ዓሣ፣ አጥንቱ የወጣለት። ሩዝ፣ ሰላጣ አይፈልግም። ሻይ በሎሚ፣ ስኳር የሌለው፣ ብርጭቆው ጢም ብሎ አይሞላ።» ልጅቷ ጽፋ መሄድ ስትጀምር ከኋላዋ «ለኔም ያው» ብላ ጨመረች፣ እንደ ሁልጊዜዋ።

ሲጥታው ራቀ።

«ነገ ጠዋት መኪና ጥራ» አለችኝ።

«ኧረ በናትሽ! ልጅቷ በኔ ቀልድ ደንግጣ ነው እንጂ...»

«ቃል ቃል ነው።»

«ለከርሞስ?»

«ነገርኩህ እኮ። ከእህቴ ጋር።»

ዓሣው መጣ፣ አጥንቱ የወጣለት። እንዴት እንደበላሁት አላውቅም። እኔ ከዚያ የብሬል ደብተር፣ ከዚያ መስታወት፣ ከዚያ ማሽን ጋር ዕድሜዬን ልኖር እችላለሁ፣ ከእሷ ጋር እስከሆነ ድረስ። የሚያስቀኝ እኮ ዞራ ስትነግረኝ ነው። ወንድሜ ቤት ተቀምጬ ማን ምኑን ይነግረኛል?

ከምሳ በኋላ አቶ ችግር-የለምን ፈልጌ «ችግር አለ» አልኩት። ቃሉ አዲስ ሆነበት። ሁሉንም ሰማና፣ አስቦ፣ አስቦ፣ መፍትሔ አመጣ፦ «ጋሼ፣ ደረትዎ ላይ 'እኔን ጠይቁኝ' የሚል ካርድ ብናንጠለጥልስ?» ከዝንብ ማር አይጠበቅም ብዬ ትቼው ሄድኩ።

አመሻሹ ላይ ሆቴሉ ሐይቅ ዳር ካሠራው ሰገነት ወጥተን ተቀመጥን። «የመጨረሻችን ነው፣ እስቲ ነፋስ እንኳ እንቀበል» ብዬ ነው የለመንኳት። ፀሐይዋ ከውሃው ላይ እየነጠረች ዓይኗን ስትወጋት፣ የኔን ጥቁር መነፅር ከፊቴ ላይ መነጨቀችና አደረገችው።

«ለውበት ነበር ያደረግኩት» አልኳት።

«አልሠራልህም» አለችኝ።

እኔ ጫማዬ ውስጥ የገባውን አሸዋ ላራግፍ ጎንበስ ስል በትሬን ሰጠኋት፣ ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። ቀና ስል የእግር ኮቴ መጣ። አዲስ ሰው ነው፣ የከሰዓቱ ፈረቃ መሆን አለበት፣ ጫማው አይጮህም። ጠረጴዛችን ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ ለስለስ ባለ፣ በጨዋ ድምፅ፦

«ምን ይጠጣሉ?»

ፊቴን መታው! ቀጥ ብሎ፣ አፍንጫዬ ላይ! ዞር ብዬ ባለቤቴን «ሰማሽ?» ልላት ምንም አልቀረኝም። የማያውቀኝ ሰው፣ ማንም ሳይመክረው፣ ካርድ ሳላንጠለጥል፣ እኔን ጠየቀኝ!

«ሻይ በሎሚ!» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። «ስኳር የሌለው፣ ብርጭቆው ጢም ብሎ አይሞላ።»

«እሺ» አለ ጽፎ። ከዚያ ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያው እኔ የጠየቅኩት ስለ እሳቸው ነበር። ምን ይጠጣሉ?» አሁንም ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ጨርሶ ነው የማያዩት፣ ወይስ ትንሽ ትንሽ ያያሉ?»

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። መነፅሩ እሷ ዓይን ላይ ነው፣ በትሩ እሷ ጉልበት ላይ ነው። ጉድ ፈላ! ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቴን በጫማዋ ጫፍ ነካችኝ፣ «እንዳትናገር» ማለቷ ነው። እኔም ነገር አይለፈኝ፦

«ኧረ ምንም አያዩም» አልኩት፣ በሐዘን። «አግባኝ ባሉ ጊዜም እኮ አላዩም።»

«ምስኪን» አለ ልጁ ከልቡ። «ይሰማሉስ?»

«ደስ ሲላቸው።»

ከጎኔ ባለቤቴ ሳቋን አፍና ስትንቀጠቀጥ ወንበሩ ይነግረኛል። ምነው ቀኑ እዚህ ላይ ባቆመ!

«እና ምን ይጠጣሉ?» አለኝ ልጁ።

አፌን ከፈትኩ። አፌ ተከፍቶ ቀረ።

ሻይ በሎሚ፣ ልል ነበር። ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ሎሚውንም በሁለቱም ላይ የምጨምቀው እኔ ነኝ፣ እኮራበታለሁም። ውጭ ስንወጣ ደግሞ «ለኔም ያው» ትላለች። ሁልጊዜ። አስቡት እስቲ፣ «ያው» የመጠጥ ስም ነው? ስለ እኔ ቢጠይቋት የዓሣዬን አጥንት፣ የብርጭቆዬን ከንፈር ሳይቀር ታወርደዋለች። ስለ እሷ እኔን ጠየቁኝ፣ አንዲት ቃል አጣሁ። አስተናጋጁ እስክሪብቶውን ደቅኖ ይጠብቀኛል። አፈርኩ፣ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ወደ እሷ ዞርኩ። ይጠጣሉ አላልኩም።

«አንቺ» አልኳት። «አንቺ ምን ትጠጫለሽ?»

የወንበሩ መንቀጥቀጥ አቆመ። ውሃው ከታች ድንጋዩን ይልሳል።

«ቢራ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ቀዝቃዛ ቢራ። ሎሚ አልወድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጨምቅልሽ!»

«እያመረረኝ ጠጣሁት። ደስ ብሎህ ስታፈላው ታሳዝነኛለህ።»

«እና ምነው አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፣ እንደውም ራሷም የገረማት ትመስላለች። «የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስላንተ ነው የሚጠይቀኝ። የአንተን ነግሬ ስጨርስ ሄደዋል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ተረት አለ። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው ለማለት ነው፣ ተማሪዎቼን እንዲያ ነበር ያስተማርኳቸው። ያን ዕለት ግን ባለቤት የሚለውን በሌላ ትርጉሙ ነው የሰማሁት። ድምፅ በየት በኩል እንዳለፈ ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ይዤ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት አልሰማኋትም ነበር። የሆቴሉን ሰው ሁሉ የተቆጣሁት እኔን ስላልጠየቁኝ ነው። እሷንም የጠየቃት እንደሌለ አንድም ቀን አልመጣልኝም።

«ያያሉ እንዴ?» አለኝ አስተናጋጁ፣ ግራ ገብቶት።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።

«አያለሁ» አለችው። «አሁን ቢራውን አምጣልኝ። በጣም የቀዘቀዘውን።»

ልጁ እየሮጠ ሄደ፣ እየሮጠ መጣ። ብርጭቆና ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፉ ሰማሁ። የሎሚው ሽታ የመጣው ከእሷ በኩል ነው። እጄን ሰደድ አደረግኩ፣ ፊቴ ያለው ጠርሙሱ ነው፣ ላብ አውጥቷል። ልጁ ቢራውን ለወንዱ፣ ሻዩን ለሴቷ አድርጎት ሄዷል። ማን ይጠይቅ!

መነፅሬን አውልቃ አፍንጫዬ ላይ መለሰችልኝ፣ በትሬንም ጉልበቴ ላይ አጋደመችው።

«መኪናውስ?» አልኳት። «ለነገ ጠዋት ልጥራ?»

«ቆይ እንጂ» አለችኝ። «ገና መቼ ጠጣሁና? ወዲህ ግፋልኝ፣ አንተ።»

ጠርሙሱን ገፋሁላት።